ሰባት ክር ያለው የግሪክ ሊራ አልቃኝ አለኝ፤ ክራር የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂ (ከአቴንስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በትምህርት ቤቱ ቴአትር ላይ ሄርሜስን ሆኖ ይጫወታል። ሄርሜስ ማለት በተወለደበት ቀን ከአልጋው ወርዶ ከኤሊ ቅርፊት ሊራ (ክራር የሚመስል መሣሪያ) የሠራው የጥንት ግሪኮች አምላክ ነው። ለዚሁ ብዬ ከአንድ የእጅ ሥራ ሱቅ ሰባት ክር ያለው ሊራ ገዛሁ። ሆዱ የእንጨት ገበቴ ነው፤ ላዩ ላይ ቆዳ ተወጥሮበታል። መቃኛ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። ክሮቹ አግዳሚው እንጨት ላይ ከቆዳ ቁራጭ ጋር ተጠምጥመዋል፣ በቃ።

ችግሬ ይኸው። ቃኝቼ ቡና አፍልቼ ስመለስ ረግቦ አገኘዋለሁ። አብሮት የመጣው ወረቀት ደግሞ «የላይኛውን ክር ሚ ላይ ቃኙ» ይላል። ቀጭኑን መስሎኝ ሳጠብቀው ጧ ብሎ ተበጠሰ። አስተማሪዋ «ኪታራ» ትለዋለች፣ ሱቁ «ሊራ» ይለዋል። የቱ ነው ትክክል? ልጅ ሆኜ የአጎቴን ክራር ነካክቻለሁ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም። ትርኢቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ክራር ሠሪው፦
አይዞሽ ልጄ፣ አልተበላሸም። አጎትሽ ቁልፍ የሌለው የድሮ ክራር ከነበራቸው ይህን ታውቂዋለሽ። እዚያ ጨርቅ ይጠመጠማል፣ እዚህ ቆዳ። ግሪኮቹ ያቺን ቆዳ ኮሎፕስ ይሏታል፤ ከበሬ አንገት ወፍራም ቆዳ ነበር የሚያወጧት። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ኦዲሴይ በተባለው ግጥሙ ላይ ጀግናው ኦዲሴዎስ ያን ከባድ ቀስት ያለ ችግር ሲወጥር፣ ሊራ የሚያውቅ ሰው ክር በአዲስ ኮሎፕስ ላይ እንደሚያስር አድርጎ ነው የገለጸው። እንግዲህ ነገሩ ያኔም ሙያ ይጠይቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ክሩን ፍቺው። ቆዳው ቅባት ከነካው ይንሸራተታል፣ ጥረጊው። ከዚያ መሲንቆ ተጫዋች የቀስቱን ጭራ የሚያሽበትን እጣን ወይም የቫዮሊን ሙጫ አድቅቀሽ በቆዳውና በእንጨቱ መሃል ነስንሺ። ክሩን ስትጠመጥሚ የመጀመሪያው ዙር የራሱን ጫፍ ይጫነው፤ ሦስት አራት ዙር ይበቃዋል። ስትቃኚ ክሩን አትጎትቺ፤ ቆዳውንና ክሩን አንድ ላይ ይዘሽ አዙሪ። ናይለን ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ሳይለጠጥ አያርፍም። ጠዋት ማታ ደጋግመሽ ቃኚው።

የዜማ ተማሪ፦
የ«ላይኛው ክር» ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስታል። የወፍራሙ ክር ስም ሂፓቴ ነው፤ ትርጉሙም «ላይኛው» ማለት ነው። ሊራው ዘንበል ተደርጎ ሲያዝ ወደ ተጫዋቹ የሚጠጋው እሱ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ከቦታው ነው። ድምፁ ግን ከሁሉም ወፍራሙ ነው። ወረቀቱ ትክክል ነበር፣ ግን ማብራራት ነበረባቸው።

ቅኝቱን ከመሃል ጀምሪ። አራተኛው ክር ሜሴ ይባላል፣ «መሃለኛ» እንደማለት። እሱን ላ አድርጊው። የግድ የፒያኖ ላ መሆን የለበትም፤ ክሩና ቆዳው የሚችሉትን ያህል ይሁን። ከላ ወደ ወፍራሙ ወርደሽ ሚን፣ ወደ ቀጭኑ ወጥተሽ ሬን ያዢ። ሁለቱም ርቀት እኩል ነው፤ ግሪኮች በክር ርዝመት 4 ለ 3 ብለው ያሰሉታል። ከዚያ የቀሩትን ሙዪ፦ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ)፣ ዶ፣ ሬ። ሜሴ ከተዛባ ሁሉም የተዛባ ይመስላል፣ ስለዚህ ሁሌ መጀመሪያ እሱን ፈትሺ።

የአቴንስ ጎረቤት፦
እኔም እዚሁ ነኝ። ክር ልትገዢ ስትወጪ ተጠንቀቂ! «የሊራ ክር» ካልሽ የቀርጤስ ሊራ ክር ነው የሚሰጡሽ። እሱ ጉልበት ላይ ቆሞ በቀስት የሚመታ ባለ ሦስት ክር ነው፤ ከክራር ይልቅ የመሲንቆ ዘመድ ነው። «ኪታራ» ካልሽ ደግሞ ዛሬ ጊታር ማለት ነው። የሚያስቀው፣ ለአንቺ የሚሆነው እሱ ነው። የጊታር ናይለን ግዢ፤ ለተበጠሰው የመጀመሪያው፣ ማለትም ቀጭኑ ክር ይሠራል።

የጥንቱን ካልን ሱቁ ልክ ነው። ኪታራ ሆዱ የእንጨት ሳጥን፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ከባድ ነበር። እንደ ፓናቴናያ (የጥንቷ አቴንስ ትልቅ በዓል) ባሉ በዓላት ላይ የሚወዳደሩ ባለሙያዎች ቆመው ይጫወቱታል። ሊራ የቤትና የተማሪ ልጆች ነው። ለሄርሜስ ሊራ ስጪው። (በነገራችን ላይ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7 ላይ «ዋሽንትም ክራርም ቢሆን» የሚለው ክራር በግሪኩ ኪታራ ነው።) እውነተኛ የኤሊ ቅርፊት ግን እንዳታስቢ፤ ኤሊዎቹ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ገበቴውን ከጀርባ ቀለም ቀቢው፣ ከመድረክ ማንም አይለየውም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼ። እጣኑ ሠራ! ሁለት ቀን ሆነው፣ ሦስተኛው ክር ብቻ ትንሽ ይረግባል። አሁን ልጁ «የእኛን አገር ዘፈን ይጫወታል ወይ?» ብሎ ያዘኝ። ደግሞስ በጣት ነው በመምቻ?

ክራር ሠሪው፦
የሦስተኛውን ቆዳ ቀይሪው፣ አርጅቷል። በጥንት ግሪኮች የሸክላ ሥዕሎች ላይ ቀኝ እጅ መምቻ ይዟል፣ የግራ እጅ ጣቶች ከክሮቹ ጀርባ ተዘርግተዋል። ክራር ስንገርፍ የማንፈልገውን ክር በግራ ጣት እንደምናፍነው አድርገሽ አስይዢው።

የዜማ ተማሪ፦
ዘፈኑስ? ቅኝቱን ሳትነኪ ፋ እና ሲ ፍላትን አፍኚያቸው። ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ ይቀራሉ። ከዶ ጀምረሽ ቁጠሪያቸው፤ የሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች ናቸው።

ጠያቂ፦
ሁለቱን ክሮች እንዳይነካቸው ቀይ ክር አሰርኩባቸው። እንግዲህ ሄርሜሳችን ትዝታ እየመታ በተረቱ እንዳለው የአምላኩን የአፖሎን ሃምሳ ላሞች ሊሰርቅ ነው። አስተማሪዋን ገና አላስፈቀድኩም።