«ከየትም የተሰበሰቡ» ስለተባሉት የአካባቢ ትምህርት ባለሙያዎች

የመምህራን አሰልጣኟ፦ ባለፈው ሳምንት በተገኘሁበት አንድ ጉባኤ መድረኩን የያዙት ምሁር «የአካባቢ ትምህርት ውጤት ያጣው ከየትም የተሰበሰቡ ሰዎች ስለያዙት ነው» ሲሉ ሰምቼ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ንግግራቸው ሲጠቃለል፣ በአካባቢ ሳይንስ ያልተመረቀ ሰው ስለ ተፈጥሮ አካባቢና ስለ አጠባበቁ የሚሰጠውን ይህን ትምህርት ለማስተማር ሊቀጠር አይገባም የሚል ነው። አዳራሹን የሞላነው የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራን፣ የደን ባለሙያዎች፣ የፓርክ አስጎብኚዎች፣ ጋዜጠኞችና እንደ እኔ ያሉ የሥነ ትምህርት ምሩቃን ነበርን፤ ይህም ሆኖ ያጨበጨበ አልጠፋም። 15 ዓመት ሙሉ የሠራሁበት ሥራ «ከየትም» የሚል ስም ካሰጠኝ፣ ይህ «የትም» የሚባለው ቦታ የት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

የሥነ ምህዳር ተመራማሪው፦ አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ እውነት ነውና ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። በቅርቡ አንድ የተማሪዎች ክበብ አስተባባሪ፣ ምድር የሞቀችው የኦዞን ንጣፍ ተቀዶ የፀሐይ ሙቀት በቀዳዳው ስለገባ ነው ብሎ ሲያስረዳ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጬ እሰማ ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ታዲያ ቀዳዳው ሲደፈን ሙቀቱ ይቀንሳል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ እሱም «ጎበዝ!» ብሎ አስጨበጨበላት። ለምድር ሙቀት መጨመር ዋናው ምክንያት ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለን የኦዞን ንጣፍ መሳሳት ደግሞ ሌላ ችግር መሆኑን የማያውቅ ሰው ቅን ልቦና ስላለው ብቻ ልጆች ፊት ሊቆም አይገባውም።

የፓርክ አስጎብኚው፦ «ሌላ ችግር» ሲሉ ትንሽ ቸኩለዋል። ኦዞንን የሚያሳሱት ክሎሮፍሎሮካርቦኖች ራሳቸው ኃይለኛ ሙቀት አማቂ ጋዞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ኦዞንን ለማዳን የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ለአየር ንብረቱም የጠቀመው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን የሚያስታውስዎት ከየትም የመጣ ሰው በመሆኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ተመራማሪው፦ ክሎሮፍሎሮካርቦን ሙቀት አማቂ መሆኑን አልካድሁም፤ ሙቀቱ በቀዳዳ አይገባም ነው ያልሁት። ለሽሙጡ ግን አመሰግናለሁ።

አስጎብኚው፦ ሽሙጡ የተጀመረው መድረክ ላይ ነው፤ እኔ የወደቀውን ነው ያነሣሁት።

ጋዜጠኛዋ፦ ኦዞኑን ለጊዜው ትተን ወደ «ከየትም» ብንመለስ ይሻላል። ኬንያዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1971 ዶክትሬታቸውን ያገኙት በእንስሳት የአካል ጥናት ነው፤ በ1977 የግሪን ቤልት ንቅናቄን ሲጀምሩም የኬንያ ገጠር ሴቶችን ችግኝ ማፍላት ያለማመዱት ከዚያ ሙያ ተነሥተው ነው። ዛፍ መትከል ዲፕሎማ ይጠይቃል ያሉ የደን ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሴቶቹ ግን በየአካባቢያቸው ያገኙትን ዘር እየለቀሙ ሲያፈሉና ለጎረቤቶቻቸው ሲያሳዩ ማታይ «ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች» ብለው ጠርተዋቸዋል። የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶልም በ1960 ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ ወዳለው ጎምቤ ሲሄዱ የመጀመሪያ ዲግሪ እንኳ አልነበራቸውም። በእኚህ ምሁር መስፈርት ሁለቱም ለቃለ መጠይቅ አይጠሩም ነበር።

ተመራማሪው፦ ምሳሌዎቹ የሚመሰክሩት ለእኔ ነው። ማታይ ከዶክትሬታቸው በፊት የተማሩት ባዮሎጂ ነው። ጉዶልም ከካምብሪጅ በእንስሳት ባሕርይ ጥናት ዶክትሬት ያገኙት በ1966 ሲሆን፣ ሩትስ ኤንድ ሹትስ የተባለውን የወጣቶች ፕሮግራም የጀመሩት ደግሞ በ1991 ነው። መጀመሪያ ተማሩ፣ ከዚያ አስተማሩ።

ጋዜጠኛዋ፦ ሲጀምሩ የአካባቢ ሳይንስ ዲግሪ ብለው ነበር፤ አሁን ባዮሎጂውም የእንስሳት ባሕርይውም ገባ። በዚህ አያያዝዎ እስከ ማታ ድረስ እኔንም ያስገቡኛል።

የደን ባለሙያው፦ እኔ ዲግሪው ካላቸው ወገን ስለሆንሁ የምመሰክረው በራሴ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሠላሳ ያህል ሕፃናትን ጫካ ይዤ ገብቼ የ12 ዛፎችን ሳይንሳዊ ስም ከነቤተሰባቸው ልዘረዝርላቸው ጀመርሁ፤ አራተኛው ላይ ስደርስ ግማሾቹ የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱና መልሰው ያስሩ ነበር። አብራን የመጣችው የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ፈቃድ ጠይቃኝ አንድ የበሰበሰ ግንድ ገለበጠችና «ይህ ግንድ ሞቷል ወይስ በሕይወት አለ?» አለቻቸው። ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ፤ አንዱ ሞቷል ብሎ ሲምል፣ ሌላው ከሥሩ የሚርመሰመሱትን ምስጦች እያሳየ «ከሞተ ታዲያ እነዚህ ለምን ተሰበሰቡ?» ይለዋል። በመጨረሻ አንድ ልጅ በግንዱ ላይ የተዘረጋው ነጭ ድር መሳይ ነገር ምን እንደሆነ ሲጠይቃት መምህርቷ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። የፈንገስ ክሮች እንደሆኑና እንጨቱን እያፈረሱ ወደ አፈር እንደሚመልሱት ነገርኋቸው፤ በዚያ ቀን ከተናገርሁት ሁሉ የሰሙኝ ይህን ብቻ ይመስለኛል።

ተመራማሪው፦ እንግዲህ እርስዎ ባይኖሩ ልጁ መልስ አጥቶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ልጨምር?

የደን ባለሙያው፦ እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ግንዱን ማን ይገለብጠው ነበር? እኔማ ረግጬው ነው ያለፍሁት።

አሰልጣኟ፦ እ.ኤ.አ. በ1977 ዩኔስኮ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጋር በጆርጂያዋ ከተማ በትብሊሲ ያካሄደው ጉባኤ ለዚህ ትምህርት ያስቀመጣቸው ዓላማዎች ንቃት፣ ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ክህሎትና ተሳትፎ ናቸው፤ ትምህርቱም የብዙ ሙያዎች ድምር እንዲሆን፣ በትምህርት ቤትም ከትምህርት ቤት ውጭም እንዲሰጥ ነው የጠየቀው። ዕውቀት ከ5ቱ አንዱ ነው፤ የሲጋራን ጉዳት ከሐኪም በላይ የሚያውቅ ባይኖርም የሚያጨስ ሐኪም ሞልቷል። ያ አስተባባሪም ቢሆን ጥፋቱ ኦዞኑ ብቻ አይደለም፤ ልጅቷ የማብራሪያውን ደካማ ጎን ነክታለት ሳለ «እስቲ አብረን እንፈትሸው» በማለት ፈንታ አስጨብጭቦ አስቀመጣት። ለመሆኑ ይህ ሰው የተመረቀው በምንድን ነው? እስካሁን አልነገሩንም።

ተመራማሪው፦ አልጠየቅሁትም።

አስጎብኚው፦ አልጠየቁትም! የአካባቢ ሳይንስ ምሩቅ ሆኖ ቢገኝስ?

ተመራማሪው፦ ከሆነ ያስመረቀውን ተቋም እወቅሳለሁ እንጂ መስፈርቱን አልተውም። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ስለተጋጨ መንጃ ፈቃድ ይቅር አይባልም።

የጂኦግራፊ መምህሩ፦ ስለ ብዙ ሙያ ድምር የተጻፈውን እኛም አንብበነዋል፤ በተግባር ግን የሁሉም የተባለው ሥራ የማንም ሳይሆን ቀርቷል። ክፍለ ጊዜ አይመደብለትም፤ ክበቡን የባዮሎጂ መምህራን እንደ ርስት ይዘውታል፤ የአፈር መሸርሸርንና የመሬት አጠቃቀምን የምናስተምረው እኛ ሆነን ሳለን የምንጠራው ካርታ ሲጠፋ ብቻ ነው።

የባዮሎጂ መምህሯ፦ «እንደ ርስት» የሚለውን ቢያነሡልን ደስ ይለኛል። ክበቡን የያዝነው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለ ምንም ክፍያ የሚቆይ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ርስቱን ለመረከብ ፈቃደኛ ከሆኑ ቁልፉን ዛሬውኑ እሰጥዎታለሁ።

የጂኦግራፊ መምህሩ፦ ቁልፉን ከነበጀቱ ከሆነ እቀበላለሁ።

የባዮሎጂ መምህሯ፦ የምን በጀት?

አንድ ተሳታፊ፦ ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ አንድ ነገር ላርም። እኔም በጉባኤው ነበርሁ፤ ምሁሩ «ከየሙያው የተሰበሰቡ» ነው ያሉት እንጂ «ከየትም» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ያልተባለ ነገር ይዛችሁ ነው ይህን ያህል የተዋቀሳችሁት።

ጋዜጠኛዋ፦ «ከየሙያው» ብለው ከሆነ ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም። «ከየትም» ቢሉ ንቀት ነው ብለን እናልፈው ነበር፤ ከየሙያው መሰብሰብን ራሱን እንደ ጥፋት ከቆጠሩት ግን ጠባቸው ከትብሊሲ ጋር ነው።

ተመራማሪው፦ ወይም «ከየሙያው ብቃት ሳይኖራቸው የተሰበሰቡ» ማለታቸው ነው፤ እኔ የተረዳሁት እንዲያ ነው።

አሰልጣኟ፦ እኔ የተቀመጥሁት ከፊተኛው ረድፍ ነበር። የሰማሁት «ከየትም» ነው።