ልጄ ሥዕል ይስላል፤ የዩኒቨርሲቲው በር ለእኛም ክፍት ነው?

የሽሮ ሜዳዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ባለቤቴ ሸማኔ ነው፤ እኔ እሱ የሠራውን ነጠላና ጋቢ ገበያው ላይ እሸጣለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን 16 ዓመቱ ነው፣ አሥረኛ ክፍል። እጁ አያርፍም። ከምድጃው ከሰል ከጎደለ እሱ ወስዶት ነው። ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባው ባዶ ሆኖ አያድርም፤ አያቱን፣ የጎረቤታችንን በግ፣ አባቱን መወርወሪያ እንደያዘ፣ ሁሉንም ይስላል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ደግሞ ሌላ ነገር ጀመረ። ካሬ ካሬ ባለው የሒሳብ ደብተሩ ላይ ጥለት ይነድፋል። አንዱን ካሬ እንደ አንድ ክር እየቆጠረ በቀለም ይሞላዋል። መጀመሪያ አባቱ «ደብተር አታበላሽ» ብሎ ተቆጣው። በኋላ አንዱን ሞክሮ ሸመነው፤ ለጥምቀት ካወጣነው ዕቃ ሁሉ ያ ነጠላ ቀድሞ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ማታ ማታ ደብተሩን ያስመጣና ያያል። ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ያያል።

ሥዕል የሚያስተምሩ የግል ቦታዎች ጠይቄ ነበር፤ የአንዱ የወር ክፍያ የቤት ኪራያችንን ያህላል። ከእኛ ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ ስድስት ኪሎ ነው፤ በእግርም ይደረሳል። የሥዕል ትምህርት ቤቱም፣ የሙዚቃውም፣ ሙዚየሙም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው ይሉኛል። ግን እኛ የዚያ ሰዎች አይደለንም። በቀደም ልጄን ይዤ አንድ ግቢ በር ላይ ቆሜ «ማንን ፈልገሽ ነው?» ስባል መልስ አጣሁና ተመለስኩ። ልጄ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ተማሪ ያልሆነ ሰው፣ ያውም ገንዘብ የሌለው ልጅ፣ እዚያ ምን ሊያገኝ ይችላል? በር ላይስ ምን ልበል?


ከሰልና ወረቀት፦

እናቴ፣ እኔ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ትምህርት ቤት፣ የ«አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ምሩቅ ነኝ። አባቴ አናጺ ነበር፤ እኔም የጀመርኩት በእሱ እርሳስ ጣውላ ላይ ነው። ስለዚህ የልጅዎ ነገር ይገባኛል።

በሩን አስቀድሜ ልመልስ። መታወቂያዎን ይያዙና «ሙዚየም ለማየት ነው» ይበሉ። ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ሕንጻው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። ማንም መግቢያ ከፍሎ ይገባል፤ ለኢትዮጵያዊ ዋጋው ከውጭ አገር ሰው በጣም ያነሰ ነው። ፊት ለፊቱ ጣልያን የሠራውን ጠመዝማዛ ደረጃ ያያሉ፤ እላዩ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ውስጡ የሰውን ሕይወት ከልጅነት እስከ ሞት ተከትሎ የተደረደረ ነው። የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጋ ሲደርሱ ግን አይቸኩሉ። ልጁን እዚያ ያቁሙት። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው ግን በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ይፈልግ። ከዚያ ልብሱን ያስተውል፤ እጥፋቱ በስንት መስመር እንደወጣ ቆጥሮ በእርሳስ ይገልብጥ። እኔ ከአንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ቀን ቆሜ አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ሲወርዱ በሠዓሊው ስም የተጠራውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልን ይጠይቁ። በ2000 ዓ.ም. የተከፈተ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ነው፤ እሱም የዩኒቨርሲቲው ነው። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ በእኛው ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1973 ዓ.ም. በስደት ኦክላሆማ አረፈ። ልጅዎ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ወጥቶ በዚያው ቀን የእሱን ቀለሞች ቢያይ፣ ሥዕል ስንት መንገድ እንዳለው እኔ ከምነግረው በላይ ይገባዋል።

ትምህርት ቤቱን አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ነው። በየዓመቱ የተመራቂዎች ኤግዚቢሽን አለ። ሠዓሊው ሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጁ «ይህን በምን ሠራኸው?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል፤ እኛም ተመራቂ ሳለን የሚጠይቀን ሰው ስናገኝ ደስ ይለን ነበር። እኔ ራሴ መጀመሪያ የገባሁት በክረምት ኮርስ ነው። ጠዋት ጠዋት ጠርሙስ፣ ሽንኩርትና የተጨማደደ ጨርቅ ያስቀምጡልናል፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ጥላው የት እንደወደቀ እያየን እንስላለን። ይከፈልበት ነበር፤ ከግል ቦታ ጋር ግን አይወዳደርም። በእኔ ጊዜ ማስታወቂያው በሩ ላይ ይለጠፍ ስለነበር ከግንቦት ጀምረው ብቅ እያሉ ይዩ።

ለመደበኛው ትምህርት የመግቢያ ፈተናው ሥዕል ያስላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አያስገባም። ልጁ ገና ሁለት ዓመት አለው፤ በየቀኑ ከዕቃና ከሰው እያየ ይሳል፣ ከፎቶ አይገልብጥ። ያንን የሒሳብ ደብተር ደግሞ አደራ! እንዳይጠፋ። ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ሌላ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን የሚባል፣ የዕቃ ንድፍ የሚያስተምር ክፍል አለን፤ ጥለት በካሬ ቆጥሮ የሚነድፍ ልጅ እዚያ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሳስበው እኔ ራሴ ጓጓሁ።


የዶርዜዋ፦

እኔም የሸማኔ ልጅ ነኝ። ወንድሜ ሲማር ከመወርወሪያው ሙሉ በሙሉ ተለየ፤ ዛሬ አባቴ ዓይኑ ደክሞ የሚረከበው የለም። ልጅሽ ይማር እህቴ፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጎን ይቀመጥ። ወረቀት ላይ ያማረ ጥለት ሁሉ በእጅ አይሸመንም፤ የትኛው እንደሚሸመን የሚያውቀው አባቱ ነው።


ጡረተኛው መምህር፦

እህቴ፣ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከላይ ያለው ልጅ በደንብ ነግሮሻል፤ እኔ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ እዚያው ስድስት ኪሎ ባህል ማዕከል አለ። በ1950ዎቹ ክሪኤቲቭ አርትስ ሴንተር ተብሎ የተቋቋመ ነው፤ የቴአትር ሰው የነበረው ተስፋዬ ገሠሠ በአንድ ወቅት መርቶታል። ቴአትር፣ ግጥም፣ ሙዚቃ የሚወድ ተማሪ ከክፍል በኋላ የሚሰበሰብበት ቤት ነው። እኛ በተማሪነታችን ግጥም ስናነብ ከሰፈር የመጡ ሰዎች ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ውጡ ያላቸው አልነበረም። የግጥም ምሽት መኖሩን ከሰማሽ ልጁን ላኪው። ሠዓሊ ግጥም መስማት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ፣ አትለማመጪ። ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሥራ አለበት፤ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛው ለአንቺና ለልጅሽ ነው። የልጁ ትምህርት ቤት የሥዕል ክበብ ካለው መምህሩ በክበቡ ስም አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ማኅተም ይደረግበት። «ሃያ ልጆች አሉን፤ ስቱዲዮ እንድናይ፣ ተመራቂ ተማሪ መጥቶ አንድ ቅዳሜ እንዲያሳየን» ይበል። ለአንድ ልጅ ሲጠየቅ ውለታ ይመስላል፤ ለሃያ ሲጠየቅ ሥራ ይሆናል። እኔ ተማሪዎቼን ወደ ሙዚየም የወሰድኩት ሁሌም በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ነው። መቼ እንደሚመቻችሁ ቀኑን ራሳችሁ ጻፉት፤ ቀን የሌለው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል።


የሽሮ ሜዳዋ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙዚየሙን ሄደን አየን። «ሙዚየም ለማየት ነው» አልኩ፤ መታወቂያዬን አይተው አስገቡን።

አባቱም መጣ፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ልጁ አንዱ ሥዕል ፊት ተቀምጦ ሲገለብጥ አባቱ ከኋላው ቆመ። ብዙ ቆየና የቅዱሱን ልብስ እያሳየ «ይህን የሳለው ሰው ሸማ ሲታጠፍ በደንብ አይቷል፤ እዚህ ጋ ግን ክሩ እንዲህ አይወድቅም» አለው። ልጁ ቀና ብሎ አየውና በራሱ ወረቀት ላይ አባቱ እንዳለው አድርጎ ሳለው። የዶርዜዋ እህቴ፣ ያንቺን ነገር ያኔ አስታወስኩ። ቅዳሜውን ተስማምተናል።

ክበቡን ጠየቅን፤ ልጆቹ ሃያ አይሞሉም፣ አሥራ አራት ናቸው። መምህሩ ደብዳቤውን ሰኞ እጽፋለሁ ብሏል፤ ቀኑንም እንዲጽፍበት ነግሬዋለሁ።

የዘንድሮው የተመራቂዎች ኤግዚቢሽን መቼ እንደሚከፈት የሰማ ካለ እዚህ ይጻፍልኝ። አባቱ የዚያን ቀን ሥራ አልይዝም ብሏል።