አሜሪካ ከፓሪሱ ስምምነት ወጥታለች፤ ኢትዮጵያስ ትቆይ ወይስ ትውጣ?

አወያይ፦
እንዴት ዋላችሁ የወሎ ልጆች። ነገሩን ላልተከታተለ በአጭሩ ላስቀምጠው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ሀገራት ተሰብስበው የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው 2 ዲግሪ እንዳይጨምር፣ ከተቻለም 1.5 ላይ እንዲገታ ተስማሙ። ትራምፕ በመጀመሪያ ዘመናቸው አሜሪካን አስወጡ፣ ባይደን መለሱ፣ ትራምፕ ዳግም ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት እንደገና ለመውጣት ፈረሙ። ዕለቱ ጥር 12 ቀን 2017 ነው፤ እኛ ቃና ዘገሊላ ላይ ነበርን። ማሳወቂያው ከገባ በኋላ ዓመት መቆየት ስላለበት መውጣቱ የጸናው ጥር 19 ቀን 2018 ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ ምን ታድርግ? ትቆይ ወይስ እሷም ትውጣ? ሰው የሚሳደብ መልእክት አጠፋለሁ፣ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።

የለጋምቦ ልጅ፦
እንውጣ። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ ወደ ሰማይ ከተለቀቀው የካርቦን ጭስ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። የእኛ ድርሻ አንድ በመቶ አይሞላም። ጭሱን የለቀቀችው «አልቀንስም፣ አልከፍልም» ብላ ስትሄድ እኛ ፊርማችንን ታቅፈን የምንቀረው ለምንድን ነው? ለጋምቦም ሆነ ደላንታ የበልግ ገብስ የሚታመን ነገር መሆኑ ቀርቷል። የካቲት ላይ ያካፋል፣ ገበሬው ያስቀመጠውን ዘር ያወጣል፣ መጋቢት ላይ ሰማዩ ይዘጋል። ዘሩም ሄደ፣ አዝመራውም ሄደ። ለዚህ ተጠያቂው የለጋምቦ ገበሬ ነው?

ባለ ሶላሩ (ቆቦ)፦
ወጣን አልወጣን ዝናቡ ምኑን ያውቃል።

የለጋምቦ ልጅ፦
አንተማ ድርቁ ገበያህ ነው።

ባለ ሶላሩ (ቆቦ)፦
ሃሃ፣ አትሳሳት፣ ገበሬው ካላመረተ በምን ይገዛኛል? ግን እውነቱን ልንገርህ። እዚህ ቆላው ላይ በናፍጣ ውኃ የሚስብ ሁሉ ናፍጣ በጠፋና በተወደደ ቁጥር ሶላር ፓምፕ ይጠይቀኛል። ዕቃው የሚመጣው ከቻይና ነው። ዋሽንግተን ማን ምን ፈረመ ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። መንግሥትም ቢሆን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ የከለከለው ለፓሪስ ብሎ አይመስለኝም፣ ዶላሩ ስለቸገረው ነው።

ዲኤው (ቃሉ)፦
እኔ የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ነኝ። በልጉን በተመለከተ የቆላውን ነገር ሰው ይረሳዋል። ደጋው የሚያጣው የበልግ ሰብሉን ነው፣ ይታያል፣ ይቆጠራል። ቆላው ግን በበልግ ዝናብ የሚዘራው ረጅም ጊዜ የሚወስደውን የሀገር ማሽላ ነው፣ ሚያዝያ አካባቢ። በልጉ ከቀረ ገበሬው እስከ ሐምሌ ጠብቆ ከሲሪንቃ ምርምር የወጣ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራል። ፍሬው ይደርስለታል። አገዳው ግን አጭር ነው። አገዳ ማለት ደግሞ የከብት ቀለብ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። «እህሉንስ አገኘሁ፣ በሬዬን ምን ላብላው?» ይሉኛል፣ መልስ የለኝም። እኔ በምሞላው ቅጽ ላይ ምርት በኩንታል የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ለአገዳ ግን ቦታ የለም። በሪፖርቱ ያ ዓመት ደህና ዓመት ተብሎ ያልፋል።

ሌላው፦ ሁሉንም በአሜሪካ ጭስ ላይ ማላከክም አይሆንም። ተመራማሪዎች የበልግን መዳከም ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በሰው ጭስ፣ ምን ያህሉ በውቅያኖሱ በራሱ ጠባይ እንደመጣ ግን ዛሬም ይከራከሩበታል።

ጡረተኛው (ደሴ)፦
ልጆች፣ እኔ ይሄ ክርክር ያሰጋኛል። በ1965 ድርቅ ሲመታን ስለ ካርቦን የሚያወራ አልነበረም። ሰው ከገጠር እየጎረፈ ደሴ መንገድ ዳር ሲወድቅ መንግሥት የሚባለው ወሬው እንዳይወጣ ነበር የሚለፋው። የወሎ ሰው እየሞተ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበር በኋላ ተጽፏል። በ1977ም ኮረም ሜዳ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ያጠፋው የዝናብ መቅረት ብቻ አይደለም፣ ጦርነቱ ነበር፣ አሥር ዓመት አብዮት በዓል ላይ የተረጨው ገንዘብ ነበር። በ2008 ደግሞ ኤልኒኖ ያመጣው ድርቅ ከዚያ ያነሰ አልነበረም፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጓል። ግን እንደ 77 አላለቅንም። ለምን? እህል ስለደረሰ፣ ወሬው ስላልታፈነ፣ መንገድ ስለነበረ። ድርቁ የሰማይ ነው፣ ረሃቡ ግን የቤተ መንግሥት ነው። አሁን «አሜሪካ ናት» ማለት ስንጀምር እዚህ ያለው ሹም ከተጠያቂነት ያመልጣል።

የለጋምቦ ልጅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የእኛ ሹም ስላጠፋ የእነሱ ጥፋት ይሰረዛል? ሁለቱም ይጠየቁ።

ጡረተኛው (ደሴ)፦
ይጠየቁ። አንተ ግን ከየትኛው ትጀምራለህ? እኔ ከሚቀርበኝ እጀምራለሁ።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦
ከዚህ ሆኜ ያለውን ልንገራችሁ፣ ደጋፊ ነህ አትበሉኝ። ትራምፕን የመረጠው ሰው ሁሉ ስለ አየር ንብረት ግድ የሌለው አይደለም። የድንጋይ ከሰል ማዕድን የተዘጋበት አካባቢ ያለ ሰው «ዛሬ በየዓመቱ ከሚለቀቀው ሲሶ የሚጠጋው የቻይና ነው፣ ከእኛ እጥፍ በላይ ነው፣ ለምን እኔ ሥራዬን ልጣ?» ይላል። ክርክሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ.፣ ከፓሪስ በፊት የነበረው የኪዮቶ የአየር ንብረት ውል ገና ሳይፈረም፣ የአሜሪካ ሴኔት ታዳጊ ሀገራትን የማያስገድድ ውል አንቀበልም ብሎ 95 ለ0 ወስኗል። ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም። ለዚህ ነው ኦባማ ፓሪስን ለሴኔት ያላቀረቡት፣ ለዚህም ነው አንዱ በብዕሩ ያስገባውን ሌላው በብዕሩ የሚያስወጣው።

ስምምነቱም እኮ ቅጣት የሌለው ቅሬ (እድር) ማለት ነው። መዋጮህን ራስህ ትወስናለህ፣ ባትከፍል ስምህ ይነበባል፣ ከዚያ በላይ የሚነካህ የለም።

የለጋምቦ ልጅ፦
በእኛ ሀገር ቅሬ ስሙ የተነበበ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። የእናንተው ደጁን በርግዶ ወጣ።

የወረባቦ እናት፦
እኔ አልተማርኩም፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ዘንድሮ የሴፍቲኔቱ ስንዴ የተቀነሰው በዚህ ስምምነት ነው ይላሉ። እውነት ነው?

አወያይ፦
እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። ዲኤው ይመልስልን።

ዲኤው (ቃሉ)፦
እትዬ፣ አይደለም፣ ግን ሰው ለምን እንደቀላቀለው ይገባኛል። በዚያው ጥር 12 ቀን ትራምፕ ሌላም ወረቀት ፈርመዋል፣ የውጭ እርዳታን የሚያስቆም። ዩኤስኤድ የሚባለው መሥሪያ ቤታቸው በዚያ ተነሣ ተዳከመ፣ በሰኔ 2017 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። በአሜሪካ እርዳታ የሚመጣው ስንዴና ዘይት የተነካው በዚህ በኩል ነው። ሴፍቲኔት ራሱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፣ ብዙ ለጋሾች ይገቡበታል፣ ከፓሪሱ ስምምነት ጋር የሚያገናኘው ውል የለም። እጁ አንድ ነው፣ ወረቀቱ ሁለት ነው።

የወረባቦ እናት፦
እሺ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። ለኛ ለተቀበልነው ግን አንድ ሆነብን።

አወያይ፦
እዚህ ላይ ትንሽ ልግባ። ግማሹ ሰው እዚህ ስለ ስምምነቱ ሲናደድ የተናደደው ስለ ስንዴው ነው። እርዳታ ሰጪው ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ያቆማል። ዕዳ ከሆነ ግን ባለዕዳው «ወጥቻለሁ» ማለት አይችልም። ስለዚህ የሕግ ሰው ይኑርበት። የወሎ ዩኒቨርሲቲዋ እህታችን፣ ከሰዓት እየጻፈች ነው የሚለው ይታየኛል።

የሕግ ተማሪዋ፦
አዎ ረዘመብኝ፣ ይቅርታ።

መጀመሪያ «እንውጣ» ላለው ወንድሜ። እንድንቀንስ ምን ገደደን? ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው ዕቅድ በ2030 የጭስ ልቀቷን፣ ምንም ባይሠራ ሊደርስ ከሚችለው፣ በ68.8 በመቶ ዝቅ አደርጋለሁ ብላለች። ከዚህ ውስጥ በራሷ አቅም የምትሠራው 14 በመቶው ብቻ ነው። ቀሪው 54.8 «ከውጭ ገንዘብና ቴክኖሎጂ ከተገኘ» የሚል ነው። ገንዘቡ ካልመጣ ያ ግዴታ አይጀምርም። ስለዚህ ብንወጣ የምንጥለው ሸክም የለንም፤ የምናጣው ግን አለ፣ ተሰብስበው ገንዘቡ የሚከፋፈልበት ወንበር። ከአሜሪካ ሌላ ከስምምነቱ ውጭ ያሉት ኢራን፣ ሊቢያና የመን ናቸው። እዚያ መደርደሩ ምን ይጠቅመናል?

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ። አሜሪካ ለአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ በኦባማና በባይደን ጊዜ በድምሩ 6 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገባች፣ 2 ሰጠች፣ የቀረውን 4 ትራምፕ ሰረዙት። ማለትም ውስጥ በነበረችበት ጊዜም ሙሉውን አልሰጠችም። ለጉዳትና ኪሣራ ፈንድ የገባችው ቃል 17.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ እሱም በዓለም ለተጎዳው ሁሉ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት ከዚያም ቦርድ ወጣች።

ሦስተኛው አወያዩ ያነሣው ነው። ዕዳ ነው ወይ? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስምምነቱ ራሱ ስለ ጉዳትና ኪሣራ የሚያወራ 8ኛ አንቀጽ አለው። ፓሪስ ላይ አብሮ በጸደቀው ውሳኔ ውስጥ ግን በ51ኛው ቁጥር «8ኛው አንቀጽ ለተጠያቂነትም ለካሣም መሠረት አይሆንም» የሚል ተጽፏል። ይህ እንዲገባ አጥብቃ የሠራችው አሜሪካ ናት። ካሣ የሚለውን ቃል አስወጥታ ከዚያ ራሷም ወጣች።

ግን በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አስተያየት ሰጥቷል። ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሡት የፓስፊክ ደሴት ተማሪዎች ናቸው፣ ቫኑዋቱ የምትባለው የደሴት ሀገር ይዛው ሄደች። ፍርድ ቤቱ ያለው፦ በአየር ንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ያለማድረስ ግዴታ የሚመጣው ከስምምነቶቹ ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ሀገር ከሚያስረው ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግም ነው። ጥሶ ጉዳት ያደረሰ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ውል ቢቀደድ ይህ አይቀደድም። አስተያየት እንጂ አስገዳጅ ፍርድ አይደለም፣ እሱንም ልንገራችሁ።

የለጋምቦ ልጅ፦
ታዲያ እንክሰሳ!

የሕግ ተማሪዋ፦
የሚከሰው ሀገር ነው፣ ለጋምቦ አይደለም። አሜሪካ ደግሞ ካልፈቀደች ያ ፍርድ ቤት አያቀርባትም። ሊቀርብ ቢችል እንኳ የዲኤው አገዳ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል? አልተመዘገበማ። የቫኑዋቱ ልጆች ከደሴታቸው ምን እንደጠፋ ጽፈው ነው የሄዱት። እኛ ከበልግ ምን እንደጠፋ የጻፍነው ምን አለ?

ዲኤው (ቃሉ)፦
አገዳውን ከዚህ በኋላ ጀርባው ላይ እጽፈዋለሁ። የቅጹ ጀርባ ባዶ ነው።

ጡረተኛው (ደሴ)፦
ይህች ልጅ ገባኝ። በ2027 እ.ኤ.አ. የአየር ንብረቱ ትልቁ ጉባኤ፣ 32ኛው፣ አዲስ አበባ ነው ተብሏል አይደል? ሆቴል ይሞላል፣ መንገዱ ይታጠባል፣ አበባ ይተከላል። መለስ በ2009 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን አፍሪካን ወክለው ገንዘብ ሲከራከሩ ሰምተን ነበር፤ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ተባለ፣ ለ2020 የተባለው የሞላው ዘግይቶ በ2022 ነው። አሁን ደግሞ ባኩ ላይ በ2035 በየዓመቱ 300 ቢሊዮን ብለዋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነው፣ የመጣው የት ገባ?

ባለ ሶላሩ (ቆቦ)፦
እዚህስ አልገባም 😀

ቨርጂኒያ ያለሁት፦
አስተናጋጇ ሀገር ከስምምነቱ ብትወጣ ደግሞ መሳቂያ ነው የምንሆነው። ይሄ የሚያከራክር አይመስለኝም።

አወያይ፦
ሊዘጋ ስለሆነ፦ የሕግ ተማሪዋ አንድ ጥያቄ ጽፈን ለጉባኤው ዝግጅት ለሚመለከታቸው እንላክ ብላለች። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ኢትዮጵያ እስካሁን ከአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ካገኘችው ውስጥ ሰሜንና ደቡብ ወሎ የደረሰው ስንት ነው? በየትኛው ወረዳ?» የሚጨምር አለ?

ጡረተኛው (ደሴ)፦
ቀበሌውንም ጨምሩ። ወረዳ ላይ ካቆማችሁት እዚያው ይቀራል።

የለጋምቦ ልጅ፦
እኔ አሁንም እንውጣ ባይ ነኝ። ጥያቄው ላይ ግን ስሜን አስገቡ።

ዲኤው (ቃሉ)፦
የኔን ተዉት፣ ደመወዜ ከወረዳው ነው።