ጥቆማ፦ ትኬት ላይ የማይገባ ትልቅ ፋይል ሲመጣ ምን ይሻላል?

ሰሞኑን አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ለ12 ቅርንጫፎች የአይቲ ድጋፍ የምሰጠው እኔ ነኝ። ትኬት፣ ማለትም የሠራተኛውን የእርዳታ ጥያቄ፣ የምንቀበለው ኦኤስቲኬት በሚባል ፕሮግራም ነው። ሠራተኞች የስክሪን ቪዲዮ ወይም ሎግ (ፕሮግራም የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ሊያያይዙ ሲሞክሩ እምቢ ይላቸዋል። በመጨረሻ ሁሉም በቴሌግራም ይልኩልኛል። የተሻለ ነገር ካለ ጠቁሙኝ።»

እህቴ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ናት ዋናዋ። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ያሳልፋል፤ ፕሪሚየም ለከፈለ ደግሞ 4። ሁሉም ስልክ ላይ አለ፣ የሚያስተምር ሰው አያስፈልገውም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ያው ብልሽት ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ የድሮውን ትኬት ትከፍቻለሽ። የምታገኚው «በቴሌግራም ልኬልሻለሁ» የሚል አንድ መስመር ነው። ላኪው ሥራ ለቋል፣ አንቺም ስልክ ቀይረሻል። የደንበኛ መታወቂያ የሚታይበት ስክሪንሾት በሰው የግል ስልክ ላይ መቅረቱ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ቀልድ አይደለም።

የቴሌግራም ቦት (በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ ፕሮግራም) ሠርተው ከትኬቱ ጋር ያገናኙም አሉ። ለትንንሽ ነገር ግሩም ነው። ግን ቦት በተለመደው መንገድ ማውረድ የሚችለው እስከ 20 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ቪዲዮው እዚያም በር ላይ ይቀራል።

እምቢ የሚለው ማን እንደሆነ እንለይ። በር ላይ ብዙ ዘበኛ አለ። አንዱ ራሱ ኦኤስቲኬት ነው፤ የአባሪ መጠን የሚወሰንበት ቦታ ቅንብሩ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ኦኤስቲኬት የተጻፈበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒ ነው። ካልነካሽው ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው ፎርም 8 ሜጋባይት ብቻ ይፈቅዳል። ከፊት ኤንጂንኤክስ የሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ካለ እሱ ደግሞ ሳይነካ ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። 413 የሚል የስህተት ቁጥር ካየሽ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። አንዱን አስተካክለሽ ሌላውን ከረሳሽ «ጨመርኩት እኮ፣ ግን አልሠራም» እያልሽ ቀኑ ይመሻል። እኔ ላይ ደርሷል።

ታዲያ ሁሉንም 500 ሜጋባይት አድርጌ ልገላገል? እንዳታደርጊው! ኦኤስቲኬት እንደመጣ ከተተወ አባሪዎቹን የሚያስቀምጠው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። አንድ የሠራሁበት ቢሮ ገደቡን 200 አድርገን ሁሉም ደስ አለው። ቪዲዮ በቪዲዮ ሆንን። ጥቂት ወራት ቆይቶ በደቂቃዎች ያልቅ የነበረው ባክአፕ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ ጀመር። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲወድቅ ባክአፑን ከፈትን። ለሳምንታት ግማሹ ብቻ ሲቀመጥ ኖሯል። ማንም ገልጦ ያየው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኦኤስቲኬት አባሪዎችን ከዳታቤዙ አውጥቶ ዲስክ ላይ ባለ ፎልደር የሚያስቀምጥ የራሱ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) አለው። የድሮዎቹን የሚያዛውር ትእዛዝም አለ። ከዚያ በኋላ ግን ባክአፕ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ዳታቤዙና ፎልደሩ። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።

የትኬት ሲስተሙን ራሱን መቀየር ካሰብሽ፣ ሬድማይን ከመጀመሪያውም ፋይሉን ፎልደር ውስጥ ነው የሚያኖረው። ገደቡ 5 ሜጋባይት ሆኖ ይመጣል፣ ከአስተዳዳሪው ገጽ ይቀየራል። ዛማድ ዳታቤዝም ፎልደርም ያስመርጣል፤ መልኩም ያምራል። ግን ማሽን ይበላል፣ ለአሮጌ ሰርቨር አልመክረውም። የጂራ ነፃው የክላውድ አገልግሎት እስከ 10 ሰው ያስተናግዳል፤ ቦታው ግን በጠቅላላው 2 ጊጋባይት ነው። የስክሪን ቪዲዮ ከጀመራችሁ ወዲያው ይሞላል። ልክፈል ስትዪ ደግሞ የዶላር ካርድ ነው።

አንቺ ቦታ ብሆን ኦኤስቲኬትን በሌላ አልቀይረውም። የትኬቱን ገደብ 15 ሜጋባይት ላይ አቆመው ነበር። ከዚያ በላይ ለሆነው ኔክስትክላውድ የሚባለውን፣ በራስሽ ሰርቨር ላይ የሚጫን የፋይል ማከማቻ እጭናለሁ። ነፃ ነው። ሰው ፋይል መጣል ብቻ የሚችልበት፣ የሌላውን የማያይበት ሊንክ ታወጪበታለሽ፤ የይለፍ ቃልና ማብቂያ ቀንም ይቀበላል። ፎልደሩን በትኬት ቁጥር ሰይመሽ ሊንኩን ትኬቱ ላይ ትለጥፊያለሽ። ቅርንጫፎቻችሁ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በራሳችሁ መስመር ከተገናኙ ቢሮ ያለ አንድ ሰርቨር ይበቃል፤ ሁለት ዲስክ ይኑረው እንጂ። ካልተገናኙ የኢትዮ ቴሌኮምን የክላውድ አገልግሎት፣ ቴሌክላውድን ጠይቂ። ርካሹ የጋራ ሆስቲንግ ለድረ ገጽ እንጂ ለቪዲዮ ማከማቻ አልተሠራም።

ደግሞ የእኛ አገር ጣጣ መጠን ብቻ አይደለም፤ መቆራረጥም ነው። 98 ከመቶ ላይ ደርሶ ኔትወርክ ሲሄድ ትኬቱ ላይ ያለው ተራ ፎርም ከዜሮ ያስጀምርሻል። ሠራተኛው ሦስት ጊዜ ሞክሮ ወደ ቴሌግራም ቢሮጥ ይፈረድበታል? ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የኔክስትክላውድ ፕሮግራም ግን ትልቁን ፋይል ቆራርጦ ይልካል፣ መስመሩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሩቅ ላሉት ቅርንጫፎች አካውንት ከፍተሽ እሱን ጫኚላቸው። ሌላ ነገር ስትመርጪም «ስንት ሜጋ ይቀበላል?» ከማለትሽ በፊት «ሲቆረጥ ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ።

ትኬት በኢሜይል የምትቀበሉም ካላችሁ፣ ጂሜይል 25 ሜጋባይት ቢልም ፋይሉ ለጉዞ ሲታሸግ በሲሶ ያህል ያብጣል። በተግባር 18 አካባቢ ነው የሚያልፈው።

ከታች አስተያየት ላይ አንድ ወንድም «ጉግል ድራይቭ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ብሏል። ወንድሜ፣ ለሦስት ሰው ቢሮ ልክ ነህ። 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፣ ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር ተካፍለህ። ግን በግል አካውንት ከሆነ ባለቤቱ ፋይሉን ያጠፋው ቀን ትኬትህ ላይ የሚቀረው የሞተ ሊንክ ነው። «ፈቃድ ጠይቅ» የሚለውን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቀኝ።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሎግ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ዚፕ ሲደረግ እጅግ ያንሳል፤ ቪዲዮ ግን ያው ነው። ስለዚህ የትኬት ፎርሙ ላይ «ስህተቱ የወጣው በስንት ሰዓት ነው?» የሚል ሳጥን ጨምሪ። ሰዓቱን ካወቅሽ ከሎጉ የዚያችን አሥር ደቂቃ ቆርጠሽ ራስሽ ታወጫለሽ። ስክሪንሾቱን ዎርድ ላይ ለጥፈው የሚልኩትን ግን እኔም እስካሁን አልቻልኳቸውም።