ሁለት እህትማማቾች፣ አንድ ሲክል ሴል፤ ምልክታቸው ለምን ተለያየ?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ሁለቱም የእህቴ ልጆች ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴሎች እንደ ማጭድ የሚጣመሙበት በዘር የሚወረስ በሽታ) አለባቸው። ታላቂቱ የአጥንት ሕመም እየጣላት ከትምህርት ትቀራለች፤ ታናሺቱ ግን እምብዛም ሳያማት ዓይኗ ቢጫ ይሆናል፣ በምርመራ ወረቀቷም ላይ ቢሊሩቢኗ (ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚወጣው ቢጫ ንጥረ ነገር) ከእህቷ ይበልጣል። ከአንድ እናትና አባት ተወልደው እንዲህ የሚለያዩት ለምንድን ነው?

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ሐረር)፦ በሽታውን የሚያመጣው የቤታ ግሎቢን (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን አንዱ ክፍል) ዘረመል ለውጥ በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ክብደቱን ግን ሌሎች ዘረመሎችም ይወስናሉ። ዋነኛው ምክንያት የፅንስ ሄሞግሎቢን (ሕፃን በማሕፀን ሳለ የሚኖረው ዓይነት) መጠን ነው። ቢሲኤል11ኤ የተባለው ዘረመል ከልደት በኋላ ይህን ሄሞግሎቢን የሚገታ ሲሆን፣ ሥራው ደከም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ብዙ የፅንስ ሄሞግሎቢን ስለሚቀር ሕመሙ ይቀላል። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው መድኃኒትም በዋናነት የሚረዳው ይህንኑ ሄሞግሎቢን በመጨመር ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ታዲያ የምትታመመው የታላቂቱ ሄሞግሎቢን 10፣ የታናሺቱ 8 ግራም በዴሲሊትር መሆኑ ግራ አጋባኝ።

ሐኪም (ድሬዳዋ)፦ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አልፋ ታላሴሚያን (የሄሞግሎቢንን አልፋ ክፍል የሚያሳንስ ሌላ የዘር ለውጥ) አብሮ የወረሰ ታማሚ ቀይ የደም ሴሎቹ ቶሎ ስለማይፈርሱ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፤ ደሙ ግን ስለሚወፍር የሕመሙ ጥቃት አይቀንስለትም፣ እንዲያውም ሊበዛበት ይችላል። ቢጫነቱን በተመለከተ፣ ጉበት ቢሊሩቢንን የሚያስወግድበት የዩጂቲ1ኤ1 ዘረመል ደካማ ከሆነ፣ የሴሎቹ መፍረስ ባይብስም ቢሊሩቢን ይከማቻል፤ የሐሞት ጠጠርም ሊያስከትል ስለሚችል ሆዷን በአልትራሳውንድ ማየት ይበጃል። በቢሊሩቢን ብቻ ግን አይፈረድም፤ የሴሎቹን መፍረስ የሚጠቁሙት የደም ምርመራዎች፣ ኤልዲኤች እና ሬቲኩሎሳይት (አዲስ የተወለዱ ቀይ የደም ሴሎች ቁጥር)፣ አብረው ይታዩ።