የ74 ዓመት እናት፣ የኦንላይን የእንቅልፍ ቴራፒ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቆመናል

ቤት ለቤት (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ሜሪላንድ ውስጥ በቤት ለቤት እንክብካቤ የምንደግፋቸው የ74 ዓመት እናት አሉ። ሐኪማቸው ክኒን ከመጨመር ብለው ሲቢቲ-አይ የሚባለውን፣ ልማድንና ሐሳብን የሚያስተካክል የእንቅልፍ ቴራፒ በኦንላይን እንዲጀምሩ አዘዙላቸው። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እሳቸው ይናገራሉ፣ ልጃቸው በታብሌት ትሞላለች።

ሁኔታው እንዲህ ነው (ሰዓቱ ሁሉ በሀበሻ)፦ ማታ 2 ሰዓት አልጋ ይገባሉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳሉ። ከዚያ ውስጥ እንቅልፍ የሚባለው 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለሽንት ሦስት ጊዜ ይነሳሉ። ዞልፒደም የሚባል የእንቅልፍ ክኒን 5 ሚሊግራም ለሦስት ዓመት በየማታው ወስደዋል፤ የሚውጡት ከራት በኋላ 1 ተኩል ላይ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን፣ ለእግር እብጠት ደግሞ ፉሮሰማይድ (የሚያሸና ክኒን) ጠዋትና ከራት ጋር። የእንቅልፍ ማጣት መጠይቁ ላይ ከ28 17 አግኝተዋል።

መጀመሪያው ሳምንት ማስታወሻ መሙላት ብቻ ስለነበር ችግር አልነበረም። ሁለተኛው ላይ ፕሮግራሙ «አልጋ ላይ 5 ሰዓት ተኩል ብቻ፤ ከሌሊቱ 6 ተኩል በፊት እንዳይተኙ» አለ። እሳቸው 3 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ያንቀላፋሉ። ሁለት ማታ ከሶፋ ሲነሱ ተንገዳገዱ። «ይሄ ሕክምና ነው ቅጣት?» ብለው አቆሙ። በዚህ ዕድሜ የአልጋ ሰዓት መቀነስ ደህና ነው? ክኒኑስ አሁኑኑ መቆም አለበት? ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሐሳብ ይበዛባቸዋል፤ እሱስ በዚሁ ፕሮግራም ይታያል?

---

የሌሊት ዘብ

ቴራፒው ትክክል ነው፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ከ2016 ጀምሮ ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት የሚመክረው ይህንኑ ነው። የተሳሳተው ፍጥነቱ ነው። ከ10 ሰዓት ወደ 5 ተኩል በአንድ ማታ ማውረድ ለ40 ዓመት ሰውም ይከብዳል።

ከስሌቱ በፊት ግን ማስታወሻውን አንድ ጊዜ እንደገና እዩት። በሀበሻ ቤት ትልቁ ስህተት ሰዓቱ ነው። እናት «2 ሰዓት ገባሁ» ሲሉ ልጅ ታብሌቱ ላይ 2 ብላ ትጽፋለች፤ ፕሮግራሙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን 2 ነው የሚያነበው። ከዚያ 12 ሰዓትን በትክክል ወደ 6 ከቀየረችው አልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ የቆዩ ይመስላል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የእንቅልፍ መቶኛው (አልጋ ላይ ካለፈው ጊዜ በእንቅልፍ ያለፈው) ከ100 በላይ ከወጣ ወይም ከማታ ማታ በጣም ከተዘበራረቀ ሰዓቱ ተምታቷል። መፍትሔው ማስታወሻውን በወረቀት፣ በሀበሻ ሰዓት መያዝና ወደ ታብሌቱ በቀን አንዴ ብቻ፣ በአንድ ሰው እጅ ማስገባት ነው። ሁለት ሰው ከሞላው አንዱ ይቀይራል፣ አንዱ አይቀይርም።

አሁን ስሌቱ። እንቅልፉን ለአልጋ ላይ ጊዜው አካፍሉ፦ 330 ደቂቃ ለ600 ሲካፈል 55 በመቶ። ለአዛውንት የሚሻለው በአንዴ መቁረጥ ሳይሆን ቀስ በቀስ መሰብሰብ ነው። የሚባክነው 270 ደቂቃ ለ5 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 54 ይሆናል፣ አንድ ሰዓት በሉት። የመነሻው 12 ሰዓት አይነካም፣ ቅዳሜም እሑድም። የሚቀነሰው ከማታው በኩል ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት መግቢያው 3 ሰዓት፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 5። አምስቱን ሳምንት መጨረስ ግዴታ አይደለም። 5 ሰዓት ላይ ሲደርሱ አልጋው 7 ሰዓት (420 ደቂቃ) ይሆናል፤ 350 ደቂቃ ከተኙ 83 በመቶ ነው፣ እዚያው ይቁሙ። 85 ካለፈ 15 ደቂቃ ጨምሩ፣ ከ80 በታች ከሆነ 15 ቀንሱ። ለእሳቸው የአልጋ ላይ ጊዜው ከ6 ሰዓት (360 ደቂቃ) በታች አይውረድ። ፕሮግራሙ ዝቅተኛውን ገደብ እንድታስተካክሉ ካልፈቀደ የሚረዳቸውን ሰው አነጋግሩ፤ ሰው የሌለበት ፕሮግራም ከሆነ ትምህርቱን ከሱ፣ ሰዓቱን ከወረቀቱ ውሰዱ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ የሚያንቀላፉት የሌሊቱን እንቅልፍ ይበላዋል፣ ማስታወሻው ላይም አይገባም። ስለዚህ ከራት በኋላ ለስላሳ ሶፋ ሳይሆን መደገፊያ ያለው ወንበር፣ መብራቱ ደመቅ ያለ፣ እጅ የሚያዝ ሥራ፦ ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ ልብስ ማጠፍ። ቴሌቪዥን ብቻውን አያነቃም። ቀን ላይ ማሸለብ ካስፈለገ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት፣ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ፣ በስልክ ደወል።

«እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ውጡ» የሚለው ሕግ ላይ ደግሞ ለወደቁ ወይም ለሚንገዳገዱ ሰዎች ለውጥ አለ። ከአልጋው ሁለት እርምጃ ላይ እጀታ ያለው ወንበር፣ ጋቢ፣ ደብዛዛ መብራት፣ ከኋላ ተረከዝን የሚይዝ ነጠላ ጫማ ይዘጋጅ። አልጋ ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ተቀምጦ ከዚያ መነሳት። ጨርሶ አደጋ ካለው አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ መቀመጥ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ተጋድሞ እንቅልፍን አለመጠበቅ ነው። 15 ወይም 20 ደቂቃ የሚባለው በግምት ነው፣ ሰዓቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት።

---

ፋርማሲስቷ

መንገዳገዱን ከቴራፒው በፊት ከክኒኑ ፈልጉት። ዞልፒደም በ1 ተኩል ተውጦ አልጋ በ6 ተኩል ማለት ክኒኑ ሥራውን የሚሠራው ቆመው ሳለ ነው። ፕሮግራሞች ይህን አይጠይቁም፣ ሰው ነው መጠየቅ ያለበት። ዞልፒደም የሚወሰደው አልጋ ሲገባ ነው፤ መግቢያው ሲገፋ ክኒኑም አብሮ ይገፋል። ግን ለጠዋቱ ቢያንስ 7 ሰዓት መቅረት አለበት። ይህ ራሱ ከ5 ሰዓት ማታ በላይ ላለመግፋት በቂ ምክንያት ነው። ሌሊት ነቅተው ሁለተኛ እንዳይደግሙ።

አሁኑኑ አይቆም። በየማታው ለዓመታት ተወስዶ በድንገት ሲቆም ለጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ከበፊቱ ይብስና ሰው «ቴራፒው አልሠራም» ይላል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ዝርዝር ይህን የመድኃኒት ዓይነት ከ65 ዓመት በላይ እንዲወገድ የሚመክረው በመውደቅ፣ በስብራትና በመደናገር ምክንያት ስለሆነ መጨረሻው መተው ነው፤ ግን አዲሱ ሰዓት ሁለት ሦስት ሳምንት ከጸና በኋላ፣ በሐኪሙ ትእዛዝ። የተለመደው መንገድ በየሁለት ሳምንቱ ሩቡን መቀነስ ነው። 5 ሚሊግራም ትንሽ ክኒን ስለሆነች ብዙ ጊዜ ግማሿ የመጀመሪያ እርምጃ ትሆናለች። በስሙ ላይ ሲአር ያለበት (ቀስ ብሎ የሚለቀቀው) ግን አይሰበርም፣ አይታኘክም። በሚቀንሱበት ሳምንት የአልጋውን ሰዓት አትንኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ከነካችሁ የትኛው እንደረበሻቸው አታውቁም።

ፉሮሰማይድ ከራት ጋር? ሦስቱ የሽንት መነሳት ከዚያ ሊሆን ይችላል። ተውጦ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይሠራል፤ ሁለተኛው መጠን ወደ ቀኑ 8 ሰዓት ይምጣ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። አምሎዲፒን ራሱ እግር ያሳብጣል፤ ቀን እግር ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ሲጋደሙ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት እግርን ከፍ አድርጎ መቀመጥ ያግዛል። ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ግፊቱን ለ5 ደቂቃ ተጋድመው፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ቴራፒው ይቁምና ለሐኪሙ ይደወል።

የመድኃኒት ሳጥኑን ክፈቱ። ታይሌኖል ፒኤም፣ አድቪል ፒኤም፣ ዚኩዊል ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ለአዛውንት ሌላ መደናገርና የሆድ ድርቀት ነው። «ለወገቤ ነው» ብለው ይወስዱታል እንጂ የእንቅልፍ ክኒን አድርገው አይቆጥሩትም።

ቡናን አትከልክሏቸው፣ ሰዓቱን ቀይሩ። ካፌይኑ በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ አቦል ግማሹ ማታ 3 ሰዓት ላይ አለ። ባረካ ቀጠነ ተብሎ አይታለፍም። ጀበናው ጠዋት ይፈላ፣ ጎረቤትም ጠዋት ይጠራ።

---

ማሕደር

የሐዘኑን ጥያቄ ሁለታችሁም ዘለላችሁት፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው።

የኦንላይን ፕሮግራሞች ስሜትን የሚጠይቁት በእንግሊዝኛ ቃላት ነው። የእኛ እናቶች ግን «ድብርት አለብኝ» አይሉም። «እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሆድ ይብሰኛል» ነው የሚሉት። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ በአማርኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሿል፤ ክሊኒኩ ያንን ይጠቀም። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ ልጅ ስትተረጉም ወይ እሷ ታለዝበዋለች፣ ወይ እናት ልጅ ፊት «የለም» ይላሉ። ስለዚህ ለዚህ ክፍል ልጅ አትተርጉም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። የሞት ሐሳብ ካለ ፕሮግራሙ ይቁምና በዚያው ቀን ሐኪም ይነገረው፤ በማንኛውም ሰዓት ወደ 988 (የአሜሪካ የቀውስ መስመር) መደወል ይቻላል።

እንቅልፉን ማከም ስሜቱን ይጠብቃል ወይ? በ2022 ከካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት 60 ዓመት የሞላቸውና ያለፉ 291 ሰዎች ላይ ሲቢቲ-አይን ከተራ የእንቅልፍ ትምህርት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ከባድ ድብርት የያዛቸው በሲቢቲ-አይ ወገን 12.2፣ በትምህርቱ ወገን 25.9 በመቶ ናቸው። ግን ልብ በሉ፦ ሲጀምሩ ድብርት ያልነበራቸው ነበሩ፣ ሕክምናውም በአካል ተሰብስበው ነበር። ቀድሞ ለያዘው ሰው ፕሮግራሙ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፎ ሐዘኑ እንደ መጀመሪያው ቀን ከሆነ የሐዘን ቴራፒ ለብቻው ይጠየቅ።

ለሐሳቡ ቴራፒው ውስጥ ያለ አንድ መሣሪያ ለእሳቸው ይሠራል፦ የሐሳብ ሰዓት። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ። መጻፍ ለማይችል ስልክ ላይ ድምፅ መቅዳት ይበቃል፦ «የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፣ ነገ የማደርገው ይህ ነው»። ሐሳቡ ሌሊት ሲመጣ «ቀጠሮ አለህ» ይባላል። ጸሎትም እንዲሁ ነው፤ ዳዊት መድገም ወንበሩ ላይ ጥሩ ሥራ ነው፣ ተጋድሞ ከሆነ ግን አልጋው የንቃት ቦታ ይሆናል። በልማድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለጸሎት የሚነሱ ከሆነ ማስታወሻው ላይ ለብቻው ይጻፍ፣ እንቅልፍ ማጣት ተብሎ እንዳይቆጠር።

ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ በአሜሪካ በጋ (ሰመር) ከሌሊቱ 7፣ በአሜሪካ ክረምት (ዊንተር) 6 ሰዓት ነው። ዘመድ ሰላም ልበላችሁ ብሎ የሚደውለው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

---

ቤት ለቤት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማስታወሻውን አየነው፤ ከ7ቱ ማታ ሁለቱ ላይ 2 ሰዓት ሳይቀየር ገብቷል። ክኒኑን ወደ መግቢያ ሰዓት ለማዛወርና ስለ ፉሮሰማይዱ ለሐኪሙ ጽፈናል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ታብሌቱን ጨርሰን ትተን በስልክ ብናደርገውስ? ያንኮራፋሉም፣ ልጃቸው አሁን ነው የነገረችኝ።

---

የሌሊት ዘብ

ማንኮራፋቱ ይቅደም። ትንፋሽ ቆም ብሎ በድንገት የሚመለስ ከሆነ ወይም ቀን ተቀምጠው የሚያንቀላፉ ከሆነ በቤት የሚሠራ የትንፋሽ ምርመራ ይጠየቅ፤ ውጤቱ እስኪመጣ የአልጋ ሰዓት አትቀንሱ። የመነሻ ሰዓቱን ማጽናት፣ የቡናውና የሶፋው ነገር ግን ዛሬ መጀመር ይችላል።

ስልክ ይሠራል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው 327 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2021 የታተመ ጥናት በ8 ሳምንት ውስጥ 6 ጥሪ፣ እያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነበር፤ ጥቅሙ ከዓመት በኋላም ታይቷል። ባለሙያው ታካሚዋ ባለችበት ስቴት እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሌላ ስቴት ያለ አማርኛ ተናጋሪ ስታገኙ ሜሪላንድ ላይ መሥራት እንደተፈቀደለት መጀመሪያ ጠይቁ። ጥሪው ጠዋት ይሁን፣ የወረቀቱ ማስታወሻ ከአንድ ቀን በፊት በፎቶ ይላክ፤ አለበለዚያ 20ው ደቂቃ ቁጥር በማንበብ ያልቃል። የእንቅልፍ ማጣት መጠይቁን ደግሞ በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት ድገሙት። ከ17 ወደ 9 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ በደንብ ሠርቷል፤ ከ8 በታች ከሆነ ማስታወሻውን መሙላት ማቆም ይቻላል።