ኡቡንቱን አሳድጌ ኢንጂንኤክስ አልነሳ አለኝ፣ የብሮትሊ ሞጁል ነው የሚያስቸግረው

ናቲ (ጠያቂ)፦
ሰላም ጓዶች፣ እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ። የአማርኛ ዜና ሳይት አለኝ፣ ትላንት ማታ ሰርቨሩን ከኡቡንቱ 22.04 ወደ 24.04 አሳደግኩትና በሰላም አለቀ ስል ኢንጂንኤክስ (ሳይቱን የሚያቀርበው ዌብ ሰርቨር) አልነሳም አለ። ሎጉ ላይ የብሮትሊ ሞጁሉን (ገጹን ጨምቆ የሚልከውን ተጨማሪ ክፍል) ስም ጠርቶ «ቨርዥን 1018000 ኢንስቴድ ኦፍ 1024000» ይላል። ሞጁሉን የዛሬ ሁለት ዓመት እኔው ነኝ ከሶርስ ኮምፓይል አድርጌ ያስገባሁት። ሳይቱ ከሌሊት ጀምሮ ዝግ ነው፣ አንባቢ እየደወለ ነው።

ሄኒ፦
አይዞህ ናቲ፣ መጀመሪያ ሳይቱን አንሳው ሌላው ይደርሳል። ዋናው ኮንፊግ ፋይል አናት ላይ ሞጁሉን ሎድ የሚያደርጉት መስመሮች ፊት # አድርግ፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም፣ ታች ብሮትሊ ብለው የሚጀምሩትንም ሁሉ ዝጋቸው፣ አለበለዚያ «አንኖውን ዳይሬክቲቭ» ብሎ እንደገና ይወድቃል። ከዛ ኢንጂንኤክስን በሰረዝ ቲ (-t) ቴስት አድርገህ «ኦኬ» ሲልህ ስታርት በለው። ለጊዜው ጂዚፕ (ሌላው የመጭመቂያ ዘዴ) ይሸከምሃል።

ናቲ፦
ተነሳ!! እግዜር ይስጥሽ ሄኒ። አሁን ብሮትሊን እንዴት ልመልሰው?

አቡ ሊኑክስ፦
ቁጥሮቹን እያቸው፣ 1018000 ማለት 1.18.0 ነው፣ 1024000 ደግሞ 1.24.0። ከ1.9.11 ጀምሮ ሞጁል ለብቻው ተሰርቶ ሎድ መደረግ ቢችልም የተሰራው ለዛው ቨርዥን ካልሆነ ኢንጂንኤክስ አይቀበለውም፣ ስለዚህ ፋይልህ አልተበላሸም፣ የድሮው ቨርዥን ስለሆነ ብቻ ነው። የ1.24.0ን ሶርስ አውርድ፣ ኮንፊገር ስታደርግ «ዊዝ ኮምፓት» የሚለውን አትርሳ፣ ሞጁሉን በ«አድ ዳይናሚክ ሞጁል» አሳየው፣ ከዛ «ሜክ ሞጁልስ»። ኦብጅስ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይል ታገኛለህ፣ አንዱ ፊልተር (ገጹ ሲላክ የሚጨምቅ) አንዱ ስታቲክ (ቀድሞ የተጨመቀ ፋይል የሚልክ)። ኮምፓቷን ከረሳህ ቨርዥኑ ቢገጥምም «ባይናሪ ኮምፓቲብል አይደለም» ይልሃል፣ እኔን አንድ ሙሉ ቀን የፈጀችኝ እሷ ናት።

ሳሚ ኦፕስ፦
አቡ ያለው ልክ ነው ግን ናቲ ለምን ይደክማል? 24.04 ላይ የብሮትሊ ፊልተሩም ስታቲኩም በፓኬጅ አለ፣ በአፕት (በኡቡንቱ ፓኬጅ ማስገቢያ) አስገባው በቃ። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ፓኬጁ «ኢንጂንኤክስ ኤቢአይ» በሚል ስም ላይ ዲፔንደንሲ (እሱ ከሌለ አልገባም የሚል ጥገኝነት) አለው፣ ያ ስም ቨርዥኑን ስለሚይዝ ኢንጂንኤክሱ ተቀይሮ ሞጁሉ ካልተቀየረ አፕት ራሱ አይሆንም ይልሃል፣ እንደ ትላንቱ ሌሊት ላይ አትደነግጥም። በእጅ ኮፒ የተደረገን ፋይል ግን አፕት መኖሩንም አያውቀው። ፓኬጅ የሌለው ሞጁል ሲያጋጥምህም የራስህን ዴብ (የኡቡንቱ ፓኬጅ ፋይል) ስራና ያንኑ ዲፔንደንሲ ጻፍበት፣ ለዚህ «ኢንጂንኤክስ ዴቭ» የሚባለው ፓኬጅ ይረዳሃል።

ናቲ፦
ሳሚ በፓኬጅ አስገባሁት፣ የዘጋኋቸውንም መስመሮች ሁሉ መልሼ ከፈትኩ፣ ቴስት ሳደርግ ግን «ኦልሬዲ ሎድድ» አለኝ 😩

ሳሚ ኦፕስ፦
እሱ ቀላል ነው። ፓኬጁ «ሞጁልስ ኢነብልድ» ፎልደር ውስጥ የራሱን ፋይል አስቀምጧል፣ ኮንፊግህ ደግሞ እሱን ኢንክሉድ ያደርጋል፣ አንተ ከላይ የከፈትከው ሁለተኛ ሆነበት። የራስህን የሎድ መስመሮች አጥፋ፣ የታቹን የብሮትሊ ሴቲንግ ተው። የድሮውን የሞጁል ፋይልም የትም አታስቀምጠው።

ናቲ፦
ሰራ!! በከርል (ከተርሚናል ገጽ መጠየቂያ) ስጠይቀው ኮንቴንት ኢንኮዲንግ ላይ «ቢአር»፣ ማለትም ብሮትሊ፣ ብሎ መለሰልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ድሮ የመጭመቂያውን ሌቭል 11 ላይ አድርጌው ነበር፣ ይሁን?

ሄኒ፦
ኧረ ተው፣ 11 እያንዳንዱ ሰው ገጽ በከፈተ ቁጥር ሲፒዩህን ይበላዋል፣ ዲፎልቱ 6 ነው እሱ ይበቃሃል። 11ን የማይቀያየሩ ፋይሎችን ቀድመህ ለመጭመቅ ተጠቀምበት፣ በስታቲኩ ሞጁል የሚላኩትን። ኤችቲኤምኤል ሳትጠራውም ይጨመቃል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጄሰንና ኤስቪጂን ግን የብሮትሊ ታይፕስ ዝርዝር ላይ ጻፋቸው። የግዕዝ ፎንትህ ዎፍ 2 (የዌብ ፎንት ፎርማት) ከሆነ እዛ እንዳትጨምረው፣ ውስጡ ድሮውኑ በብሮትሊ የተጨመቀ ነው። ጽሁፉ ላይ ግን በደንብ ታተርፋለህ፣ በዩቲኤፍ 8 (ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጥበት አሰራር) አንዷ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ናት፣ ረጅም ዜና በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ይታወቀዋል።

ናቲ፦
6 አደረግኩት፣ ፎንቱንም ከዝርዝሩ አወጣሁ። ሁላችሁም ተባረኩ 🙏